ቀይ ክር ያለበት ኩባያ

«እህቴ አይደለች እንዴ? ምን ልትል ነው? እኔ ያልኩትን ነው የምትለው።»

ፈንታነሽ ይህን የሰማችው ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጆግ ይዛ በወንድሟ መስኮት ሥር ስታልፍ ነው። ሙላቴ በስልክ እያወራ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ከልጅነቱ ጀምሮ አልሆነለትም። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላወቀችም፤ ስለምን እንደሚያወራ ግን አልጠፋትም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጠርቷቸዋል። ከሳሿ ዝናሽ ናት፤ እስከ ጥምቀት ድረስ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ የነበረችው፣ አሁን አንሶላ አጣቢ የሆነችው። ተከሳሹ የሆቴሉ ባለቤት ሙላቴ ነው። ፈንታነሽ ደግሞ ምስክር ናት፤ ያውም ሁለቱም ወገን የቆጠራት ምስክር። እንዲህ ያለ ምስክርነት ለጠላትም አይስጥ። ጆጉን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ውሃው እጇ ላይ ሲፈስ እንኳ አልታወቃትም። የከፋት መታዘዟ አልነበረም፤ ወንድሟን ስትታዘዝ ነው ዕድሜዋን የኖረችው። የከፋት ነገሩ እንዲያ ቀላል ሆኖ መነገሩ ነው፤ የቤት ቁልፍ የት እንደተቀመጠ እንደሚነገር።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሏ ከሆቴሉ ጓሮ፣ ከዕቃ ቤቱ ጎን ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ነጠላ የሚሰቀልበት አንድ ምስማር። ፍቺ ፈጽማ ከሐሙሲት ይቺኑ ሳጥን አሸክማ ስትመጣ «ቤትሽ ነው» ብሎ የተቀበላት ሙላቴ ነው። የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ የሰጣት እሱ ነው። ደጉን ደግ ማለት ይገባል፤ ሙላቴን ክፉ ሰው የሚል ደብረ ታቦር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ለለቅሶ ድንኳን ያበድራል፣ ለኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሲጎድል መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው እሱ ነው፣ ሠራተኛ ሲታመምበት ያሳክማል። እንዲህ ያለው ሰው ሲበድል ነው ችግሩ፤ የሚያምን አይገኝም። ፈንታነሽ ሁለት ነጠላ አላት። ነጩን ትናንት አጥባው ነበር፤ በጉና ብርድ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ አድሮ አሁንም እንደረጠበ ነው። የቀረው ባለ ቀይ ጥለቱ ነው። ዛሬ ልትለብሰው የማትፈልገው እሱን ነበር። ከጥለቱ ዳር አንድ ክር ተመዝዞ ባዶ መስመር ቀርቷል፤ ያንን ዳር ወደ ውስጥ አጠፈችና ተከናነበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናሽ ከጂዳ የተመለሰችው አምና ክረምት ነው። ሥራ ስትጠይቅ ሙላቴ ሽሮ አሠርቶ ፈተናት፤ ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ «ነገ ግቢ» አላት። ከዚያ ወዲህ የሆቴሉ ስም ሌላ ሆነ። ወደ ጋይንት የሚወጡ ሾፌሮች ባሕር ዳር ላይ መብላት ትተው ደብረ ታቦር እስኪደርሱ ረሃባቸውን መታገሥ ጀመሩ። ሽሮው ከሃያ አምስት ብር ወደ ሠላሳ አምስት ሲወጣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። የሚቀርበው በትንንሽ ሸክላ ድስት ነው፤ እንደተንተከተከ። ድስቶቹን ቅዳሜ ገበያ እየወጣች የምትገዛው ራሷ ፈንታነሽ ናት፤ በጋፋት በኩል ከሚመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ በጣቷ እያንኳኳች፣ እየተከራከረች።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሸክላዋን በጀርባዋ እንዳዘለች በሆቴሉ ጓሮ በር ገባች። ድስት ስትሸጥላት የኖረችው ጌጤ ነበረች። ፈንታነሽ ድስት ያመጣችላት መስሏት ልትከራከር ተዘጋጀች፤ ጌጤ ግን አልፋት ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና «ልጄን ላያት ነው» አለች። ዝናሽ እጇን ሳታብስ ወጥታ አቅፋ ሳመቻት። ማንንም አልሸሸገችም፤ እናቴ ናት ብላ ለአስተናጋጆቹ ሁሉ አስተዋወቀች። ከአዳራሹ አንድ እንግዳ ይህን አየና ወደ ሙላቴ ጆሮ ጠጋ አለ።

በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ነው ይሉታል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። በእሱ ማረሻ ያርሳሉ፣ በሚስቱ ድስት ይቀቅላሉ፣ ከማዕዱ ግን አይቀርቡም። እሱ ባለበት ሲጎርሱ ነጠላ ይሸፍናሉ። ቃሉን ፊት ለፊት የሚናገር ግን የለም፤ ሙላቴም አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ ፈንታነሽን ዕቃ ቤት ጠርቶ «የነዚያ እጅ እንግዳዬን ከሚያበላ ሆቴሉን ብዘጋው ይሻለኛል» ብቻ አላት። በማግሥቱ ዝናሽ «ጨው ታበዢያለሽ» ተባለችና ወደ ልብስ እጥበት ተዛወረች። ሠራተኞቹ ሻይ የሚጠጡባቸው ኩባያዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሙላቴ አንደኛው ኩባያ ምልክት ይደረግበት አለ። ለማን እንደሆነ ፈንታነሽ አልጠየቀችም። ክር ብትፈልግ እጇ ላይ አልነበረም፤ ከነጠላዋ ጥለት አንዷን መዝዛ የኩባያው ጆሮ ላይ አሰረች፤ ለመጥፎ ብላም አልነበረም፤ ያላሰበበት እጅ ግን ካሰበበት እጅ እኩል ያስራል።

ዝናሽ ኩባያውን ያየች ቀን አልተቆጣችም። ሻይዋን ቀዳች፣ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ማንንም ሳታይ ተናገረች። «ጂዳ የነበረችው እመቤቴም ለኔ ብቻ የሆነ ኩባያ ነበራት። ከመታጠቢያው ሥር ነበር የሚቀመጠው። እዚያ ጥቁር ስለሆንኩ ነው አልኩና ቻልኩት። እዚህ ሁላችንም ጥቁር ነን። ይሄኛው ለምንድን ነው?» አስተናጋጆቹ ሻያቸውን ፉት እያሉ መሬት መሬት አዩ። ፈንታነሽ ስኳር ልታመጣ ነው ብላ ዕቃ ቤት ገባች፤ ስኳሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድምና እህት በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። የሁዳዴ ጾም ስለሆነ የቀመሱት ነገር የለም። ሙላቴ አዲሱን ኮቱን ለብሷል። ከገበያው በታች ድንች በጆንያ የሚያራግፉ ገበሬዎች መንገዱን ዘግተው ስለነበር ባጃጁ ቆመ፤ ቆመው ሳለ ሙላቴ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳደረገ «ስለ ኩባያው ከጠየቁሽ አላውቅም በይ» አላት። «ውሸት አይደለም። አላውቅም ማለት ውሸት አይባልም።» እሷም ወደ ውጭ አየች። «ድንች ረከሰ መሰል» አለች። «ረከሰ» አለ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እሷን ያን ጠዋት ልጓሙም ዘሩም በአንድ በኩል ነበር የሚስቧት።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ባዩ ከሸሚዙ ላይ ጋቢ የደረበ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ትይዩ የተቀመጡ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ዝናሽ ቀድማ መጥታ አንደኛው ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ጥቁር ፌስታል አለ። ሙላቴ ሲገባ ብድግ ብላ «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለችው፤ ለፈንታነሽም እንዲሁ ጎንበስ አለች። ከሳሽ እንዲህ ሲሆን ፈንታነሽ አይታ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ከሳሽ ያለቀሰና የተራገመ ነው፤ ባሏን የከሰሰች ጊዜ ራሷም እንደዚያው ነበረች።

ሙላቴ አሳምሮ ተናገረ። አላባረራትም፤ ደመወዟን አልነካም፤ ቦታ ነው የለወጠው። እንግዶች ጨው በዛ እያሉ ተቸገረ። ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ ነው፤ እሱ በሰው ዘር ገብቶ አያውቅም። አቶ ባዩ አፍንጫውን እየጠረገ ሰማውና ወደ ዝናሽ ዞረ።

«እሺ፣ አንቺስ?»

«ከክረምት እስከ ጥምቀት ጨው በዛ ያለኝ የለም» አለች ዝናሽ። «እናቴ በመጣች ማግሥት ነው የበዛው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እንግዶቹ የሚበሉበትን ድስት የሠራችው እሷ ናት፤ ድስቱን የተጸየፈ የለም፤ ዛሬም እየበሉበት ነው። እኔ ስለ ሥራው ካሣ ልጠይቅ አልመጣሁም፤ አንሶላ ማጠብም ሥራ ነው። የመጣሁት በትውልዴ ምክንያት መሆኑ በስሙ እንዲጠራ ነው።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ፈንታነሽ አንገቷን ደፍታ እያዳመጠች ይህን ድፍረት ከየት አመጣችው ብላ አሰበች፤ ከሰው አገር ነው እንዳትል፣ ከዚያ የተመለሱትን ብዙዎቹን ታውቃለች፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። ቀናችባት። ከቅናቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ከልቧ አከበረቻት።

«በትውልድ ማግለል በሕግ ክልክል ነው» አለ አቶ ባዩ። «ግን አንቺ ያልሽው ግምት ነው፤ ማግሥቱ መሆኑ ብቻ አይበቃኝም። የሚጨበጥ ነገር አለሽ?»

ዝናሽ ፌስታሉን ከፍታ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ክሩ ጆሮው ላይ እንዳለ ነው፤ ትንሽ ደብዝዟል። «ሌላ ሰው በዚህ አይጠጣም። እኔም በሌላ እንዳልጠጣ ነው የታሰረው።»

ሙላቴ ሳቀ። «ኩባያ ምን ይናገራል? ራሷ አስራው ቢሆንስ?»

«እውነት ነው» አለ አቶ ባዩ። «ያሰረውን ሰው ያየ አለ?»

ሁሉም ወደ ፈንታነሽ ዞሩ፤ ከዝናሽ በቀር። ዝናሽ እጆቿን ነበር የምታየው፤ አንሶላ ማጠቢያው ሳሙና የላጣቸውን እጆቿን። አላውቅም ካለች ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወደ ክፍሏ፣ ወደ ቁልፏ ትመለሳለች። አውቃለሁ ካለች ማታ የት እንደምታድር አታውቅም። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያቺን ሳጥን አሸክማ፣ ወደ ማን? አላውቅም የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ዝናሽ ቀና አለችና የፈንታነሽን ነጠላ አየች። ጥለቱ ከታጠፈበት ላይ ዓይኗ አንድ ጊዜ አረፈ፤ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ታውቃለች ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ቀይ ክርና ቀይ ጥለት በአንድ ግቢ እየዋሉ ወራት ሙሉ ጨው የመጠነች ሴት እንዴት ይጠፋታል? እጇን ዘርግታ «የሷን ጥለት እዩ» ብትል ነገሩ አልቆ ነበር። አላለችም። እያወቀች ጠዋት ጎንበስ ብላ ሰላም ብላታለች። ፈንታነሽ ፊቷ ጋለ፤ ያፈረችው ስለ ክሩ ብቻ አልነበረም፤ መስኮት ሥር የሰማችው ነገር እውነት ሊሆን አንድ ቃል ብቻ እንደቀረው ስለታያት ነው።

የነጠላዋን ዳር ዘረጋች። «ክሩ የኔ ነው» አለች። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ መዝዤ። ጋሼ ምልክት አድርጊ ብለውኝ ነው። የዚያኑ ሰሞን የነዚያ እጅ እንግዳዬን ከሚያበላ ሆቴሉን ብዘጋው ይሻለኛል ብለውኛል። ጨው የሚባል ነገር እኔ አልሰማሁም።»

አቶ ባዩ ኩባያውን ወደ ጥለቱ አስጠጋና አየ፤ ማየትም አያስፈልገውም ነበር። ሙላቴ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ብቻ አይደለም፤ ድንጋጤም ነበረበት፤ ወንበር የተሳበበት ሰው ይመስል ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «እንግዳ ሁሉ ጥሎኝ ቢሄድስ? ከነሱ እጅ ማን ይበላል? አንተስ ብትሆን ትበላለህ?» እስካሁን አንቱ ሲለው የነበረውን ኃላፊ አንተ ማለቱን እንኳ አላወቀውም።

አቶ ባዩ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ጥያቄው ሳይነካው አልቀረም። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ቅድም የነገሩኝ ስለ ጨው ነበር፤ አሁን ጨው ቀረ ማለት ነው?» አለ በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አልፈጀም። ዝናሽ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ወጥ ቤት እንድትመለስ፣ የተዛወረችበትም ምክንያት ትውልዷ እንደነበር በግልጽ እንዲጻፍ፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲሄድ። ሙላቴ ፈረመ። ሲወጣ እህቱን አላያትም። ከደጅ ባጃጅ ሲነሣ ተሰማ።

ሁለቱ ሴቶች በእግራቸው ተመለሱ። ፀሐይዋ ከረር ብላለች፤ የድንች ጆንያዎቹ መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። እዚያ ሲደርሱ ፈንታነሽ ጠየቀች።

«ታውቂ ኖሯል። ለምን አልተናገርሽም?»

ዝናሽ እርምጃዋን ቀነሰች። «ጂዳ እመቤቴ እህት ነበረቻት፤ አብራን ነው የምትኖረው። ሁሉንም ታያለች፤ ዝም ትላለች። እኔም አንድ ቀን ትናገርልኛለች እያልኩ ስጠብቅ ኮንትራቴ አለቀ።» ፌስታሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ዛሬ ጥለትዎን ባሳይ ኖሮ እርስዎም እንደ ኩባያው ማስረጃ ነበር የሚሆኑት። እኔ ደግሞ ሰው ነበር የፈለግሁት።»

ፈንታነሽ ይቅርታ ልትል አስባ ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከዚህ ንግግር ጎን ሲቆም አነሰባት፤ ፌስታሉን ተቀብላ ያዘችላት።

ሆቴሉ ሲደርሱ ሙላቴ ከተለመደው ጠረጴዛው ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለወጥ ቤቱ ሰጥቶ። ፈንታነሽ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገቧ ፈታች፤ ፊቱ አኖረችውና ቆመች። ቀና አላለም። ቁልፉን ትንሽ ካየው በኋላ በአንድ ጣቱ ገፍቶ ወደ እሷ መለሰው። ምሕረት ይሁን፣ ሌላ የሚያምነው ሰው አጥቶ ይሁን ልታውቅ አልቻለችም፤ ምናልባት እሱም አላወቀውም። ቁልፉን አነሣች፤ የምታድርበት አላጣችም። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ለብዙ ጊዜ ሊያናግራት እንደማይችል ገባት፤ አንጀቷን በላት።

ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞላ። ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ የሆነውን ሁሉም ሰምቶታል። ሽሮ ተጠይቆ ማን እንደሠራው ሲነገር ያልተመቸው ትዕዛዜን ወደ ሳምቡሳ ለውጥልኝ አለ፤ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ሁለት የጋይንት ሾፌሮች ግን «ዋናዋ መጣች ወይ?» ብለው ሳቁና ድርብ ድርብ አዘዙ። ዝናሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች። ፈንታነሽ ሁልጊዜ የምትበላው ጓሮ ነው። ያን ቀን አዳራሹ መሐል ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠችና ጮክ ብላ «ለኔም ሽሮ» አለች። ሰው ሁሉ እንዲያያት ነው የፈለገችው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮርታም ነበር።

ድስቱ እየተንተከተከ መጣ። እንጀራዋን ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ወደ አፏ አነሣች። ያን ጊዜ ግራ እጇ ማንም ሳያዘው ተነሣና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበ።

እናቷ ያስተማረቻት ነው፤ እናቷንም እናቷ። ጉርሻውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀና ስትል ዝናሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ በቀጥታ እያየቻት ነው። ጠዋት የተናገረችው ሁሉ፣ ጥለቱን የዘረጋችበት ሁሉ በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ የጠፋ መሰላት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ዝናሽ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ይጉረሱ እትዬ፤ ይቀዘቅዛል» አለቻት። «አፍዎ ዛሬ ተናግሯል። እጅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚማረው።» ፈገግታዋ ውስጥ ቂም ፈልጋ አጣችበት።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። አጣጥፋ ከአጠገቧ ካለው ወንበር ላይ፣ የተመዘዘውን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ሾፌሮቹ እያዩ፣ ወንድሟ ከጀርባው እየሰማ፣ ባዶ ራሷን ሆና ጎረሰች።

ጨዉ ልክ ነበር።